የልጆች ጨዋታና የታላላቆች አፍ

በአማርኛ ቋንቋችን በችሎት ተቀምጦ ነገር የሚሰማውም፣ በሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ የሚሮጠውም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱም ዳኛ ይባላሉ። ይህ የስም አንድነት ቁም ነገር ያለበት ይመስለኛል። በቀድሞ ዘመን ባገራችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ፣ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይቆም ነበር፤ በዚያ የሚያልፈውንም መንገደኛ ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ያሰሙት ነበር። ያ መንገደኛ ወታደር አልነበረውም፤ ወኅኒ ቤትም አልነበረውም፤ ቃሉ የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች ሕግ የሚባለውን ነገር ስላከበሩ ብቻ ነበር። ዛሬ በልጆች የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ የሚነፋው ፊሽካ ከዚያ ከ«በሕግ አምላክ» ብዙ የሚለይ አይደለም። ፊሽካ እስትንፋስ ነው፤ ኀይሉም የሚመጣው ከሚሰሙት ሰዎች መታዘዝ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ነገር ይህ ነው፦ ታላላቆቹ ሰዎች፣ ይኸውም አባቶችና እናቶች፣ አሠልጣኞችም ጭምር፣ በልጆች ሜዳ ዳር ቆመው ዳኛውን በሚሳደቡበት ጊዜ ዳኛው ምን ያደርጋል? የሚያደርገውስ ነገር ትክክል ነውን? ምሳሌዬን ይበልጡን የምወስደው ከእንግሊዝና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ነው፤ በዚያ የልጆች ጨዋታ በማኅበርና በደንብ የተያዘ ስለ ሆነ ክፋቱም መድኀኒቱም ጎልቶ ይታያል። የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዳኛው ማን እንደ ሆነ እንወቅ። በእንግሊዝ አገር አንድ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን ተምሮ ዳኛ ለመሆን ይችላል። ስለዚህ በዕረፍት ቀን ጠዋት በልጆች ሜዳ መካከል ፊሽካ ይዞ የሚታየው ዳኛ ራሱ ገና ብላቴና መሆኑ ብዙ ጊዜ ነው፤ ከሚያጫውታቸው ልጆች በዕድሜ የሚበልጠው በጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ከመሥመሩ ውጭ የቆመው ተመልካች ግን የአርባ ዓመት ሰው ነው። ቤት ያስተዳድራል፤ መኪና ይነዳል፤ በሥራው ቦታም በጨዋነት የታወቀ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ልጁ ተጠልፎ ሲወድቅ አይቶ ፊሽካው ሳይነፋ የቀረ እንደ ሆነ፣ በመሥሪያ ቤቱ ለማንም የማይናገረውን ቃል ለዚያ ብላቴና ይናገራል። ፊት ለፊት ቢገናኙ ኖሮ «የኔ ልጅ» ይለው ለነበረው ልጅ «ዕውር! ደንቆሮ!» ይለዋል።

የጨዋታው ሕግ ዳኛውን ባዶ እጁን አልተወውም። ከእግር ኳስ ሕጎች አምስተኛው ስለ ዳኛ የሚናገር ነው፤ በዚህም ሕግ ዳኛው ጨዋታውን ለማቆም፣ ለጊዜው ለማቋረጥ፣ ጨርሶም ለመበተን ሥልጣን አለው። በጨዋታው ውስጥ ስለ ሆነው ነገር የሰጠው ፍርድም የመጨረሻ ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ለአሠልጣኞችና ለሌሎች የቡድን ኀላፊዎች ቢጫና ቀይ ካርድ እንዲያሳይ ተፈቅዶለታል። ጥፋቱ በአሠልጣኞቹ መቆሚያ ተፈጽሞ ያጠፋው ሰው ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ቅጣቱ በዚያ በተገኘው በዋናው አሠልጣኝ ላይ ያርፋል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ አለቃ የሆነ ሰው በእጁ ሥር ላሉት ሰዎች ጠባይ ይጠየቅ ዘንድ ያስገድዳልና።

ነገር ግን ለተመልካች የሚሆን ካርድ የለም። አባትየውን ዳኛው ቀይ ካርድ አሳይቶ ሊያስወጣው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ጨዋታውን አቁሞ፣ የቡድኑን ኀላፊ ጠርቶ፣ «ይህን ሰው ዝም አሰኙልኝ፤ ወይም ከሜዳው አርቁልኝ፤ አለዚያ ጨዋታው አይቀጥልም» ማለት ነው። ሥልጣኑ ትልቅ ነው፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ዳኞች በዚህ ነገር የሚሳሳቱት ይህን ባለማስተዋል ነው፤ ስሕተታቸውንም በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ።

የፊተኛው ስሕተት መደንቆር ነው። ለጀማሪ ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ጆሮህን ድፈን፤ እንዳልሰማህ ሁን» የሚል ነው። ይህ ምክር ከፊሉ እውነት ነው። ከመሥመሩ ዳር የሚሰማው ጩኸት ግን ሦስት ዐይነት ነው። አንደኛው ስለ ፍርዱ የሚጮኽ ነው፤ «ኧረ ጥፋት ነው!»፣ «ኧረ ኳሷ ወጥታለች!» የሚለውን የመሰለ። ይህ ልቡ በጨዋታው የተያዘ ሰው ድምፅ ነውና ዳኛው ቢያልፈው ብልኅነት ነው። ሁለተኛው ፍርዱን ትቶ ፈራጁን የሚነካ ነው፤ ስለ ዐይኑ፣ ስለ አእምሮው፣ ስለ መልኩ፣ ስለ ወገኑ የሚናገር ስድብ ነው። ሦስተኛው ዛቻ ነው፤ «ቈይ፣ ጨዋታው ሲያልቅ እንገናኛለን» የሚል ነው። የመደንቆር ምክር ለፊተኛው መድኀኒት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ስንፍና፣ ለሦስተኛው ደግሞ አደጋ ነው። ዳኛው ሦስቱን ሳይለይ ሁሉንም በዝምታ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ተመልካቹ ከፊተኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ሲሻገር የሚያግደው አጥር አያገኝም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለተከራካሪ ሰው የተነገረ ጥሩ ምክር ነው፤ ለዳኛ ግን አይሆንም። ተከራካሪ ዝም ቢል ራሱን ጠበቀ ይባላል፤ ዳኛ ዝም ቢል ግን ፈረደ ማለት ነው። በሜዳው ውስጥ ያሉት ሃያ ሁለት ልጆች ስድቡን ይሰማሉ፤ ዳኛው መስማቱንም ያያሉ፤ ምንም አለመደረጉን ሲያዩ «ይህ ነገር የተፈቀደ ነው» ብለው ይማራሉ።

ሁለተኛው ስሕተት መልስ መስጠት ነው። ይህ ዳኛ ስድቡን ሲሰማ ወደ መሥመሩ ሄዶ «አንተ ብታውቅ ኖሮ እዚያ አትቆምም ነበር» እያለ ከተመልካቹ ጋር ክርክር ይገጥማል። ክርክር የገጠመ ዳኛ በዚያው ጊዜ ዳኝነቱን ጥሎ ባለጋራ ሆኗል፤ ባለጋራ ከሆነም በኋላ ሦስተኛ ሰው የሚሆንለት የለም። ከዚህም የከፋው፣ ለአባትየው ካርድ ስለሌለው ቁጣውን በልጁ ላይ የሚወጣው ዳኛ ነው። አባት በተሳደበ ልጅየው በትንሽ ጥፋት ቢጫ ካርድ ያያል። ይህን የሚያደርግ ዳኛ ራሱን የጠነከረ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን አንዱን በሌላው በደል መቅጣት ነው፤ ይህም በማንኛውም ችሎት ግፍ ይባላል።

ሦስተኛው ስሕተት ሁሉን ታግሦ ታግሦ በድንገት መፈንዳት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይናገር ይቈይና፣ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ከሁሉ ያነሰች አንዲት ቃል ስትነገር ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን በትኖ ይሄዳል። ትዕግሥቱ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሰው ድንበሩ የት እንደ ነበረ አላወቀም። ማስጠንቀቂያ ያልቀደመው ቅጣት የተቀጣውን ሰው አያስተምረውም፤ የተበደለ መስሎት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ብቻ ያደርገዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው፤ እሳቱ ገና ብልጭ ሲል በቅጠል የሚጠፋውን፣ ቤቱ ከነደደ በኋላ በእንስራ ውኃም አያጠፉትም።

እንግዲህ የቀናው መንገድ የቱ ነው? በአሜሪካ አገር ዳኞች ከአሠልጣኞች ጋር ስላላቸው ነገር የተማሩት አንድ ሥርዓት አለ፤ መጀመሪያ ጠይቅ፣ ቀጥሎ እዘዝ፣ በመጨረሻ አስወጣ የሚል ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ቢል መከራ ይምከረው» ከሚለው ተረታችን ጋር አንድ ነው። ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ብቻ አይደለም፤ አደራረጉም ነው። ጠቢብ ዳኛ እየሮጠ አይቈጣም፤ ኳሱ ከሜዳ እስኪወጣ ይጠብቃል። ጣቱን አይቀስርም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። ሁለቱን አሠልጣኞች በአንድነት ጠርቶ፣ አንደኛው ሌላው ሲነገረው እየሰማ፣ በአጭር ቃል ይናገራል፤ ምን እንደ ሰማ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ካልሆነም ምን እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል አይጨምርም። የተናገረውንም ጊዜው ሲደርስ ይፈጽመዋል፤ የማይፈጸም ማስጠንቀቂያ ከዝምታ ይልቅ ዳኛን ያዋርዳልና።

ብዙ ዘመን በማስተማር ስለ ኖርሁ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ። ክፍሉን የሚገዛው መምህር ብዙ የሚጮኸው አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ድንበሩን በለሰለሰ ድምፅ አስታውቆ በሁለተኛው ቀን ያልረሳው ነው። ዳኛም እንደዚሁ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን አሠልጣኞች በወዳጅነት ሰላም ብሎ፣ «ከእናንተ በኩል ያሉትን ወላጆች የምታነጋግሩልኝ እናንተ ናችሁ» ቢላቸው፣ በኋላ ከሚያሳየው ቀይ ካርድ ይህች ቃል የበለጠ ትሠራለታለች።

በጀርመን አገር በ2024 በተጀመረው የውድድር ዘመን በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ ደስ ያሰኘኛል። በዚያ ደንብ መሠረት ጠብ ሲበረታ ዳኛው በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ሁለቱም ቡድኖች ወደየራሳቸው የቅጣት ክልል ይሄዳሉ፤ የቡድኖቹ አምበሎችና አሠልጣኞች ብቻ ወደ መሐሉ ክብ መጥተው ከዳኛው ጋር ይነጋገራሉ። ይህ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሊደረግ ይችላል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ያስፈለገ እንደ ሆነ ግን ጨዋታው ይበተናል። የዚህ ደንብ ጥበቡ ማንንም ሳያዋርድ ሁሉን ማቀዝቀዙ ነው። ቁጣ እንደሚፈላ ወተት ነው፤ እሳቱን ከሥሩ ቢያወጡለት ይሰክናል፤ በላዩ ቢጮኹበት ግን መገንፈሉን አይተውም። ሁሉም በአንድነት እንዲያርፉ ከታዘዙ፣ የተሳደበው አባት «ተሸነፍሁ» ሳይል ዝም የሚልበት ቀዳዳ ያገኛል።

አንዳንድ ሰዎች ግን እንዲህ ብለው ይቃወማሉ፦ «ጨዋታውን ማቆምና መበተን ምንም ያላጠፉትን ልጆች መቅጣት ነው፤ አባት በተሳደበ ልጆች ለምን ጨዋታቸውን ያጣሉ?» ይህ ነገር ክብደት ያለው ነው፤ ከላይ እንዳልሁት አንዱን በሌላው በደል መቅጣት ግፍ ነውና። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ። ለልጅየው ቢጫ ካርድ መስጠት እርሱ ያላጠፋውን በስሙ መጻፍ ነው፤ ጨዋታውን ማቆም ግን «በዚህ ሁኔታ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም» ብሎ እውነቱን መናገር ነው። ጣራው ሊወድቅ በደረሰ ቤት ውስጥ ትምህርት ያቆመ መምህር ተማሪዎቹን ቀጣ አይባልም። ደግሞም ጨዋታው በስድብ ውስጥ ቢቀጥል ልጆቹ የሚያጡት ነገር ከአንድ ጨዋታ ይበልጣል። አባቱ ሲሳደብ ሰምቶ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ የሚጫወተውን ልጅ ያየ ሰው፣ ያ ልጅ አስቀድሞ መቀጣቱን ያውቃል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዳኛው ነው። ነገር ግን ነቀፋውን ሁሉ በብላቴናው ትከሻ ላይ ጭኖ መሄድ ፍርድ አይሆንም፤ ውድድሩን የሚያስተዳድሩትም አሉ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2008 ስለ መከባበር የሚያስተምር ዘመቻ ጀመረ፤ ወላጆች ከመሥመሩ ራቅ ብሎ በተከለለ ቦታ እንዲቆሙ፣ የጠባይ ደንብም እንዲቀበሉ አደረገ። በጥቅምት 2023 ደግሞ የዝምታ ሰንበት የሚባል ነገር አወጀ፤ በዚያን ጊዜ ወላጆች እንዲያጨበጭቡ እንጂ በአፋቸው እንዳይጮኹ ተጠየቁ። በዚያው ዓመት በየካቲት ደግሞ በታላላቆች የሰፈር ውድድሮች ዳኞች በደረታቸው ላይ ካሜራ እንዲይዙ ሙከራ ተጀመረ።

እነዚህን ሁሉ በየራሳቸው እንመዝናቸው። ወላጆችን ማራቅ ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የሚረባ ይመስለኛል፤ ሰው ከሩቅ ሆኖ ለመሳደብ ብዙ መጮኽ አለበት፤ ብዙ የጮኸ ሰው ደግሞ ሁሉ ዘወር ብሎ ስለሚያየው ያፍራል። የዝምታው ሰንበት ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ «አይዞህ» የሚለውን መልካም ድምፅ ከስድቡ ጋር አብሮ ይዘጋዋል፤ ስንዴውንም እንክርዳዱንም በአንድነት ያጭዳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ሰንበት የሚጾም አፍ በሌሎቹ ሰንበቶች ሁሉ የተፈቀደለት ሊመስለው ይችላል። ቢሆንም ፈጽሞ ከንቱ አልለውም፤ ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ በራሳቸው ድምፅ ተጠራርተው መጫወት ምን እንደሚመስል አይተዋልና። ካሜራው ደግሞ በኋላ ለሚደረገው ምርመራ ታማኝ ምስክር ነው፤ ተሳዳቢው «አላልሁም» ብሎ እንዳይክድ ያደርገዋል። ነገር ግን ካሜራ ምስክር ይሆናል እንጂ ወንድም አይሆንም፤ የ14 ዓመት ልጅ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ከጎኑ የሚቆም ታላቅ ሰው ነው።

ሙሴ ሕዝቡ በዙሪያው ቆመው ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ዐማቱ ዮቶር አይቶ፣ ይህ ነገር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ እንደ ገሠጸው፣ ሸክሙንም የሚካፈሉ ሹማምንት እንዲሾም እንደ መከረው የታወቀ ነው። ምክሩ ለሜዳም ይሠራል። እያንዳንዱ ቡድን ከወላጆቹ መካከል አንድ የተከበረ ሰው መርጦ፣ በመሥመሩ ዳር ያለውን አፍ እንዲጠብቅ ቢሾመው፣ ዳኛው ኳሱን ለመጠበቅ ጊዜ ያገኛል። የተሳደበው ሰውም ከማያውቀው ብላቴና ይልቅ የጎረቤቱን ቃል ይሰማል።

በጀርመን አገር አኽን በምትባል ከተማ አካባቢ የተጀመረው የሕፃናት ሊግ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በዚያ ትንንሾቹ ልጆች ያለ ዳኛ ይጫወታሉ፤ ጥፋቱን ራሳቸው ተነጋግረው ይፈርዳሉ፤ ሁለቱ አሠልጣኞች በአንድ ቦታ አብረው ይቆማሉ፤ ወላጆችም ከሜዳው 15 ሜትር ያህል ይርቃሉ። የስምንት ዓመት ልጆች ኳሷ የማን እንደ ሆነች በራሳቸው ቃል ይስማማሉ። ይህን ያየ ታላቅ ሰው፣ ጠቡ ከልጆቹ ነው ወይስ ከእኛ ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ስለ ጥቂት የስድብ ቃል ነውን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በ2012 በሆላንድ አገር በአልሜሬ ከተማ የሆነውን ያስብ። በታኅሣሥ ወር በተደረገ የወጣቶች ጨዋታ ላይ፣ ልጁ የሚጫወትበትን ቡድን ለመርዳት በፈቃዱ ባንዲራ ይዞ የመሥመር ዳኛ የሆነ አንድ አባት፣ ከጨዋታው በኋላ በተቃራኒው ቡድን ወጣቶች ተደብድቦ በማግሥቱ ሞተ። በዓመቱ ፍርድ ቤቱ ወጣቶቹን ሲቀጣ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ አባት ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም ስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ክፉ ነገር የሚጀምረው በዱላ አይደለም። ወጣቶቹ ዳኛ የሚጠላ ነገር መሆኑን ሜዳ ዳር ከቆሙት የሚማሩ ከሆነ፣ ከጥላቻ ወደ እጅ ማንሣት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በዚያም መንገድ ላይ አንድ ታላቅ ሰው ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ መገኘቱ እንዴት ያሳዝናል!

ሌላም ጉዳት አለ። በእንዲህ ያለ ሜዳ የተሰደበ የ15 ዓመት ዳኛ ፊሽካውን ጥሎ ሊቀር ይችላል። ኢትዮጵያዊቷ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 በካናዳ፣ በ2019ም በፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ዳኛ ሆና ተመርጣለች። እንዲህ ላለ ክብር የሚደርስ ዳኛ ሁሉ በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ ብዙ ተራ ጨዋታ አጫውቶ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ነው። በትንሹ ሜዳ የምናባርረውን ብላቴና በትልቁ ሜዳ ብንፈልገው አናገኘውም።

ወጣት አንባቢ ሆይ! አንተ ዛሬ ተጫዋች ትሆናለህ፤ ነገም በሰፈርህ ውድድር ፊሽካ ይሰጡህ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ልጅህን ይዘህ በሜዳ ዳር ትቆማለህ። ተጫዋች ስትሆን አባትህ ወይም ታላቅ ወንድምህ ዳኛውን ሲሳደብ ብትሰማ፣ ደስ አይበልህ፤ በቤት ውስጥ ጊዜ መርጠህ በአክብሮት «አባባ፣ አንተ ስትጮህ እኔ ኳሱን እፈራለሁ» በለው። ከዳኛው ካርድ ይልቅ ይህች ቃል ታስጨንቀዋለች። ዳኛ ስትሆን የፍርድን ጩኸት እለፍ፤ የስድብን ጩኸት በጊዜው አቁም፤ ዛቻን አንድ ጊዜ እንኳ አትታገሥ፤ የአባትን ዕዳ ግን በልጁ ላይ አትጻፍ። ተመልካች ስትሆን ደግሞ በመሐል የሚሮጠው የሌላ እናት ልጅ መሆኑን አስብ። ቢሳሳት የሚጠፋው አንዲት ግብ ናት፤ አንተ ብትሳደብ የሚጠፋው ግን ልጅህ ከአንተ የሚማረው አክብሮት ነው።